የመዝናኛ ግድብ ያዋጣል? ከድሬ ጠያራ በፊት ሐረማያ ይጠየቅ

ሐረር ለመዝናኛ ንግድ የሚሆን ደንበኛ አላጣችም። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ የውጭ ጎብኚው ስሟን ያውቃል። የጅቡን ትርዒት ለማየት የሚመጣው የአዲስ አበባ ሰው አለ፤ ከአወዳይ የጫት ገበያ ትርፉን ይዞ ቅዳሜና እሑድን ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፍበት ቦታ የሚፈልገው ነጋዴም አለ። የጎደለው የውኃ ዳር ነው። ጀልባ፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሣር የሚፈልግ ሐረሬ ለብዙ ዘመን ያለው አማራጭ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረማያ መድረስ ነበር።

ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ በሆነው በድሬ ጠያራ ትንሽ ግድብ ገድቦ ሐይቅ ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት ቢኖር የሚያስገርም አይደለም። የቦታው ስም «የአውሮፕላን ሜዳ» እንደ ማለት ነው፤ ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው፣ ጠያራ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣው የአውሮፕላን መጠሪያ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በክረምት የሚፈስ ሸለቆ ይመረጣል፣ የአፈር ግድብ ይሠራል፣ አንድ ሁለት ሄክታር ውኃ ይተኛል፣ በዳርቻው ጥቂት ጎጆዎችና ሥጋ ቤት ይከፈታሉ። የግንባታው ወጪ ከባለ አራት ፎቅ ሆቴል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሆኖ ይታያል። ሒሳቡ የሚበላሸው ከግንባታው በኋላ ነው። እንዴት እንደሚበላሽ የሚያሳይ ሕያው ማስረጃ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ አለ።

የሐረማያ ሐይቅ የሰው እጅ የሠራው አልነበረም። ቢሆንም ለሐረር የሰጠው አገልግሎት ከግድብ አያንስም። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከዚያ ይሳብ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ፣ የሐረማያ ነዋሪና የአካባቢው ገበሬም የሚጠቀሙት ከዚያው ነው። ጥልቀቱ በደህናው ዘመን እስከ ስምንት ሜትር ይደርስ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት የነበረው ቦታ የከብት ግጦሽ ሆነ፤ ሰዎችም ውኃ ፍለጋ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ።

ሲደርቅ ብዙ ሰው ድርቁን ወቀሰ። ድርቅ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። የተለወጠው የተጠቃሚው ቁጥርና የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው። የጫት ዋጋ ሲወደድ ገበሬው ማሽላውን እየተወ ጫት ተከለ፤ ጫት በበጋ ውኃ ካገኘ በበጋም ይቆረጣል፣ የበጋ ጫት ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ የውኃ ሞተር መግዛት የተሻለ ኢንቨስትመንት ሆነ። ገበሬው በገበያ ሕግ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገው። የነዳጁን እንጂ የውኃውን ዋጋ የሚጠይቀው አልነበረምና አንድ ሰው ቢቆጥብ ጎረቤቱ ይስበው ነበር። የኢኮኖሚክስ መምህራን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ረጅም ስም አላቸው፤ የሐረርጌ ገበሬ ያለ ስሙም ያውቀዋል።

ቁጥሩን በጀሪካን ማየት ይሻላል። በሰከንድ 10 ሊትር የሚስብ ሞተር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 288 ሜትር ኩብ ውኃ ይወስዳል፤ ይህም 14,400 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ከላይ ደግሞ ፀሐይ አለች። በዚያ ደጋማ አገር ከተኛ ውኃ ላይ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በትነት ይሄዳል ብለን ብንወስድ፣ ከአንድ ሄክታር የሚጠፋው 15,000 ሜትር ኩብ ወይም 750,000 ጀሪካን ነው። ዝናቡ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ይመልስ ይሆናል። ለመዝናኛ ብቻ የተሠራ ሐይቅ እንግዲህ ማንም ሳይጠጣው፣ ማንም ሳያጠጣበት ይህን ያህል ያወጣል። ባለሀብቱ ይህን ወጪ በመዝገቡ ላይ አያየውም፤ ሚያዝያ ላይ ጀልባው ጭቃ ላይ ሲቀመጥ ግን ያየዋል።

ሐረማያ ከደረቀ በኋላ ሐረር የከፈለችውን ደግሞ ነዋሪው ያስታውሰዋል። ውኃ በቦቴና በጀሪካን ተሸጠ፤ ሆቴሎችም የውኃ ታንከራቸውን እየቆጠሩ እንግዳ ተቀበሉ። በመጨረሻ ውኃው የተገኘው ከታች፣ ከድሬዳዋ አጠገብ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከሉ ደግሞ ከዚያም የሚበልጥ የደንገጎ አቀበት አለ። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ይህን ሁሉ በፓምፕ ተገፍቶ ይወጣል፤ መብራት ሲቋረጥም ይቆማል። ከዚህ ውኃ ቀድቶ የጀልባ ሐይቅ እሞላለሁ የሚል ሰው ከከተማው ጋር ጠብ መጀመሩን ይወቅ።

ሌላው ወጪ ደለል ነው። ሐረማያ መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ቦታ ስለሆነ ከዙሪያው ኮረብታ በጎርፍ የወረደ አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዛፉ በተመነጠረና እስከ ጫፉ በታረሰ ተዳፋት ሥር የሚሠራ ትንሽ ግድብም ዕጣው ይኸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ እንኳ፣ ያን ያህል ትልቅ ሆኖ፣ ከመያዣ አቅሙ ጉልህ ክፍል በደለል አጥቷል። የድሬ ጠያራው ባለሀብት የሚከራየው መሬት ሁለት ሄክታር ሊሆን ይችላል፤ የትርፉን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከላይ ያለው፣ የእሱ ያልሆነው ሁለትና ሦስት መቶ ሄክታር ነው። ለላይኛው ገበሬ እርከንና ችግኝ የሚውል በጀት ያልያዘ የአዋጭነት ጥናት ግማሽ ጥናት ነው።

እስካሁን የተነገረው ሐይቁ ሲደርቅ ነው። የሚያስፈራው ግን ሲሞላ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ደቡብ ፎርክ በተባለ ቦታ የነበረ ግድብ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ንብረት ነበር፤ የብረት ነጋዴው አንድሩ ካርኔጊ ከአባላቱ አንዱ ነው። የክለቡ ሰዎች ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት፤ ዓሣው እንዳይሄድባቸውም በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አቆሙ። የታችኛው ማፍሰሻ ቧንቧ ቀደም ብሎ ተነቅሎ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሽጦ ነበር፤ የተካውም የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ መጣ፣ ግድቡም ተደረመሰ። በታች ባለችው በጆንስታውን ከተማና በአካባቢው 2,209 ሰዎች ሞቱ። ወንፊቱ ያዳነው ዓሣ ዋጋው ስንት ይሆን?

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ ጎረቤት ኬንያን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2018 በናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለ ቦታ የአንድ የግል እርሻ ግድብ በሌሊት ተጥሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የሐረርጌ ተራሮች ዝናብም ቀላል አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ከእነዚሁ ተራሮች በሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎችን የወሰደው በጥቂት ሰዓት ነው።

በትንሽ የአፈር ግድብ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠበው ከማስተንፈሻው ነው። ገንዘብ ሲያጥር ይጠብባል፤ ከዓመት ዓመት ውኃ ሳያልፍበት ሲቀር ደግሞ እንደ ባዶ መሬት ይታይና ሻይ ቤት ይሠራበታል። የአፈር ግድብ አናቱን ውኃ ከዘለለው ብዙ አይቆይም። ከሥሩ የሚያዥ ውኃ ጥርት ያለ ከሆነ መከታተል ነው፤ ጭቃ ይዞ ከወጣ ግን አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ ስለሆነ መሐንዲስ ሳይውል ሳያድር መጠራት አለበት። ለጥላ ተብሎ በግድቡ ላይ የሚተከል ዛፍም ሥሩ የውኃ መንገድ ይሆናል። ዳርቻው በፕላስቲክ የተለበጠ እንደሆነ ደግሞ የገባ ሕፃን አንሸራትቶት መውጣት አይችልም። ገመድ፣ አጥር፣ የሕይወት አድን ጃኬትና ዋና የሚችል ጠባቂ ከጀልባው በፊት የሚገዙና የሚቀጠሩ ናቸው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውኃ የአገርና የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ፣ የውኃ ሥራ የሚሠራም ሆነ ውኃ የሚጠቀም ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። መሬቱን በሊዝ ያገኘ ሰው በሸለቆው የሚፈሰውን ውኃ አብሮ አላገኘም። በታች ያለው ገበሬ ውኃው ሲቀርበት ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ በዚያ አገር ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይፈጥናል።

ሐረማያ በ2010ዎቹ መልሶ ውኃ ያዘ። የሰው ደስታ ትልቅ ነበር፣ ጀልባም ተመለሰ። ለደላላው ግን ከዚህ የሚከተል ጥያቄ አለ። ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው አብሮ ሸሽቷል፤ ሲመለስም በመካከሉ ሰው የተጠቀመበትን መሬት ሸፍኖ ነው። «የውኃ ዳር ቦታ» ብሎ ካርታ የሚያሳይ ሻጭ ሲመጣ፣ ገዢው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ካርታው የተነሣው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ነው።