ቲቢ፣ ክትፎ እና የካውንቲው ጤና ቢሮ

አሜሪካ ውስጥ ስለ ተላላፊ በሽታ ሲነሳ ብዙ ሰው አለቃው አትላንታ ያለው ሲዲሲ ይመስለዋል። ሲዲሲ ግን በአብዛኛው የሚያጠና፣ የሚመክርና ገንዘብ የሚደጉም የፌዴራል ተቋም ነው። በሽተኛ ከሰው ተለይቶ እንዲቆይ የማዘዝና ምግብ ቤት የመዝጋት ሥልጣን በመሠረቱ የስቴቶች ሲሆን፣ እነሱም ሥራውን ባብዛኛው ለካውንቲ ያወርዱታል። በዋሽንግተን ስቴት ሲያትልን ጨምሮ 39 ከተሞችን የያዘው፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ኪንግ ካውንቲ የራሱ ጤና ቢሮ አለው። የስቴቱ ሕግ የቢሮው የጤና ኃላፊ ፈቃድ ያለው ሐኪም እንዲሆን ያስገድዳል። ቢሮው በኢትዮጵያ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ይመሳሰላል፤ የምግብ ቤቱም የቲቢውም የኩፍኙም ጉዳይ የሚያርፈው እዚያው ነው።

«ስሜ ከተመዘገበ ለአሠሪዬ ይደርሳል» የሚለው ስጋት ብዙ ሰው ከምርመራ ያስቀራል። ሐኪሞችና ላቦራቶሪዎች የተወሰኑ በሽታዎችን ለካውንቲው ማሳወቅ ግዴታቸው እንደሆነ እውነት ነው፤ ኩፍኝ ሲጠረጠር ወዲያው ስልክ ይደወላል። መረጃው ከስቴት ወደ ሲዲሲ ሲሻገር ግን ስም አብሮ አይሄድም። ከበሽተኛው ጋር የቆዩ ሰዎችን የምታነጋግረው ነርስ «ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ቆይተዋል» ትላለች እንጂ ማን እንደሆነ አትናገርም። ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበር ውስጥ መገመት አይቀርም፤ ግምቱ ግን ከቢሮው አይወጣም።

ተረት የሚበዛው በቲቢ ላይ ነው። ብርድ ቲቢ አያመጣም፤ ማስያዝ የሚችለው ባክቴሪያ ብቻ ነው። ከአንድ ትሪ መብላት፣ ጉርሻ መቀበል፣ በአንድ ስኒ ቡና መጠጣትም ቲቢ አያስተላልፍም። የሳንባ ቲቢ የያዘው ሰው ሲያስልና ሲያወራ የሚወጡት ረቂቅ ፍንጣቂዎች በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ በሽታው የሚገባው ያ አየር ሲተነፈስ ነው። ነርሷ ምን እንደተበላ ሳይሆን በየትኛው ክፍል ስንት ሰዓት አብረው እንደቆዩ የምትጠይቀውም ለዚህ ነው። ሳህንና ማንኪያ የተለየለት በሽተኛ ያተረፈው ኀፍረት ብቻ ነው።

«በዲቪ ስመጣ ተመርምሬ ነጻ ተብያለሁ» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ለአዋቂዎች ከጉዞ በፊት በዋናነት የሚነሳው የደረት ራጅ ነው። ራጁ የሚፈልገው የታመመ ሳንባን ስለሆነ፣ ባክቴሪያው ተኝቶ የተቀመጠበት ጤነኛ ሰው በራጅ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ይህ ድብቅ ቲቢ ይባላል። ባለቤቱ አያስልም፣ ለማንም አያስተላልፍም፤ ነገር ግን ካልታከመ ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው በሕይወቱ አንድ ቀን ይታመማል። በአሜሪካ ከሚገኙት የቲቢ ሕሙማን አብዛኞቹ ቲቢ የያዛቸው ሰሞኑን አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ተኝቶ የነበረው ስለነቃባቸው ነው የታመሙት።

ምርመራው ድብቅ ቲቢ አለ ሲል ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «በልጅነቴ የተወጋሁት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ነው» የሚል ነው። ክንድ ላይ የሚወጋው የቆዳ ምርመራ በእርግጥ በቢሲጂ ሊሳሳት ይችላል። ኢግራ የሚባለውን የደም ምርመራ ግን ክትባቱ አያሳስተውም፤ ስለዚህ የቢሲጂ ጠባሳ ላላቸው ሰዎች የሚመረጠው እሱ ነው። ቢሲጂ ሕፃናትን ከከባድ ቲቢ ቢያድንም ለዕድሜ ልክ ዋስትና አይሆንም።

መድኃኒቱም እንደሚፈራው ረጅም አይደለም። ድብቅ ቲቢ ድሮ 9 ወር ኪኒን ያስውጥ ነበር፤ ዛሬ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት፣ ወይም በየቀኑ ለ4 ወር ይበቃል። ሪፋምፒን የጀመረ ሰው ሽንቱና እንባው ብርቱካናማ ሲሆንበት ደንግጦ ያቆማል፤ ይህ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ጉዳት የለውም። ንቁ ቲቢ ላለበት ሰው ሕክምናው ባብዛኛው 6 ወር ሲሆን፣ የጤና ሠራተኛ እያየው ይውጣል። አሁን ይህ በስልክ ቪዲዮም ይሠራል፦ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ያሳያል፣ ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል፤ ሁሉም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሠራተኛዋ የምትከታተለው ሰውየውን ስለምትጠረጥር አይደለም፤ ስድስት ወር ኪኒን መዋጥ ማንንም ያሰለቻል፣ ተቋርጦ የሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያውን ያላምዳል።

ወደ ማዕድ ቤት ሲገባ የሚሰማው «ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶ ነው፣ ኮሶ ደግሞ በኪኒን ይወጣል» የሚለው ነው። ጣጣው ግን ኮሶ ብቻ አይደለም። በጥር 1993 እ.ኤ.አ. በሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ደም የሚያስቀምጣቸው ልጆች መብዛታቸውን አንድ ሐኪም ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቀ። ምክንያቱ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በሚባለው ሰንሰለት ምግብ ቤት በደንብ ያልበሰለ ሃምበርገር ውስጥ የተገኘ ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባል ባክቴሪያ ነበር። በአራት ስቴቶች ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 4 ልጆች ሞቱ፤ ከሞቱት መካከል ሃምበርገሩን ጭራሽ ያልበላ፣ ከሌላ ልጅ የያዘው ሕፃንም ነበር። የፌዴራሉ ደንብ ለተፈጨ ሥጋ 140 ዲግሪ ፋራናይት ሲጠይቅ የዋሽንግተን ስቴት ደንብ 155 ይል ነበር፤ ምግብ ቤቱ የጠበቀው ዝቅተኛውን ነበር።

ለክትፎ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። ባክቴሪያው የሚቀመጠው ሥጋው ላይ ላዩን ነው፤ ሲከተፍ የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ሚጥሚጣውም አረቄውም አይገድሉትም፣ የኮሶ መድኃኒትም አይነካውም። ትንሽ ልጅ ላይ ሲጠና ኩላሊት ያቆማል። ሆኖም ካውንቲው ክትፎን አልከለከለም፤ ጥሬ ወይም ለብለብ የሚያቀርብ ቤት ማስጠንቀቂያውን በሜኑው ላይ እንዲጽፍ ይጠይቃል።

ከ2017 ጀምሮ በሲያትል ምግብ ቤቶች በር ላይ የተለጠፈው ፈገግ ያለ ፊትም በስህተት ይነበባል። አንዳንዱ የምግቡ ጣዕም ማረጋገጫ ይመስለዋል፣ ሌላው የትላንቱ የቁጥጥር ጉብኝት ውጤት። ፊቱ የሚሰላው ከቅርቦቹ አራት መደበኛ ጉብኝቶች አማካይ ነው፤ የሚቆጠሩትም ቀይ ነጥቦች ናቸው፦ ያልታጠበ እጅ፣ በቂ ያልቀዘቀዘ ሥጋ፣ የታመመ አብሳይ። የተሰነጠቀ ወለል ሰማያዊ ነጥብ ነው፤ ቤቱን ሊያስነቅፍ ይችላል እንጂ ፊቱን አያጨፈግገውም። ወዲያው የሚያዘጋው ሌላ ነው፤ ሙቅ ውሃ የሌለው ወይም ፍሳሽ ወደ ኋላ የተመለሰበት ማዕድ ቤት ያው ቀን ይዘጋል፣ ነገሩ ተስተካክሎ ተቆጣጣሪው ዳግም ሲያየው ደግሞ ይከፈታል።