አዲስ የክሪኬት መምቻ ለምን ይቀጠቀጣል?

ምርጥ የክሪኬት መምቻ የሚሠራው በእንግሊዝ አገር ከሚበቅል የአኻያ ዛፍ ነው። አኻያ ቀላልና ኳስን በሚገባ የሚያነጥር ቢሆንም ለስላሳ በመሆኑ፣ አዲሱ መምቻ ሳይዘጋጅ ወደ ሜዳ ቢገባ በቀላሉ ይሰነጠቃል። 0.16 ኪሎ ግራም የምትመዝን ጠንካራ ኳስ በሴኮንድ 40 ሜትር መጥታ በዚያው ፍጥነት ብትመለስና ግጭቱ 1 ሚሊሴኮንድ ቢቆይ፣ አማካዩ ኃይል 12,800 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ከ1 ቶን ክብደት ይበልጣል።

ስለዚህ ባለቤቱ አስቀድሞ የመምቻውን ፊት ጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ዘይቱ እንጨቱ ከመጠን በላይ እንዳይደርቅ ይከላከላል። ዘይቱ ከሰረገ በኋላ ፊቱን በእንጨት መዶሻ፣ በቀስታ ጀምሮ ኃይሉን እየጨመረ፣ ለበርካታ ሰዓታት ይቀጠቅጠዋል፤ ጠርዙን ግን በሰያፍ ብቻ ይመታል። በዚህም የላይኛው ገጽ ቃጫዎች ተጠጋግተው ይጠብቃሉ።

ትዕግሥት ያጣ ተጫዋች የመዶሻውን ሥራ ለኳሷ ይተዋል፤ ኳሷ ግን በቀስታ መጀመርን አታውቅም።