ስሜንን ወይስ ገርዓልታን?

የቤት አባት ቤተ ሰቡን ይዞ ድንቅ ዐለት ለማየት ሲነሣ፤ «የትኛው አገር ያምራል?» ከማለቱ በፊት፤ «ከመካከላችን ደካማው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የስሜን ተራራ፤ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው። ዝናምና ጐርፍ በብዙ ዘመን እየቈረጠ ገደል አደረገው። ዋልያው በገደሉ ወገብ ይቆማል፤ ጭላዳው ሣር ይግጣል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር መኪና ስለሚወጣ፤ ስሜን ለሽማግሌ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ስፍራው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ፤ ሌሊቱም ብርድ ነውና ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው ያስጨንቃል።

የትግራዩ ገርዓልታ ግን እንደ ግንብ የቆመ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው፤ ጫማውን አውልቆ በእጁና በእግሩ ዐለቱን እየጨበጠ ይወጣል። ይህ ለደካማ ጉልበት አይሆንም። ሆኖም ከዐለት የተፈለፈለው የአብርሃ ወአጽብሐ ቤተ ክርስቲያን ከውቅሮ በስተምዕራብ በመንገድ አጠገብ ስለሚገኝ፤ ገደል መውጣት ያልቻለ ሰው ሳይሳለም አይቀርም።

እናቴ ስሜንን ይመኙ ነበር፤ ትንፋሽ ግን ያጥራቸዋል። ስለዚህ ገርዓልታን መረጥን። ታላቁ ልጄ ወደ አቡነ የማታ ሲወጣ፤ እርሳቸው ከታች ከጥላ ተቀምጠው ገደሉን ሲመለከቱ ዋሉ። በተመለሰም ጊዜ፤ «አንተ ወጣኸው፤ እኔ አየሁት» አሉት።

እንግዲህ ጉልበቱ የደከመ ስሜንን፤ ትንፋሹ የደከመ ገርዓልታን ይምረጥ።