ቀኑን የሚረሳው ድሪምካስት

ሴጋ የሠራውን ድሪምካስት የተባለ የጌም ማሽን ከዓመታት በኋላ ከቁም ሳጥን አውጥቶ የሚያበራ ሰው ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ቀንና ሰዓት ያስገባ ዘንድ ይጠየቃል። ያስገባል፣ ይጫወታል፣ አጥፍቶ ይተኛል። በማግስቱ ሲያበራው ያው ጥያቄ እንደገና ይመጣል። ማሽኑ የሚያሳየው ቀን ደግሞ ኖቬምበር 27 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ቀን ድሪምካስት ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ ቀረበ፤ ሰዓቱ ሲጠፋበት የሚመለሰው ወደዚያው ነው።

በዚህ ምክንያት ማሽኑን መጣል አያስፈልግም። ያለቀው ሳንቲም የምታህል አንዲት ባትሪ ናት።

ሰዓቱ የሚገኘው ድምፅ በሚያወጣው የያማሃ ቺፕ ውስጥ ነው። ቺፑ ወርና ዓመት አያውቅም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1950 ጀምሮ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ብቻ ይቆጥራል። ቀኑንና ወሩን አስልቶ የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው። ምቱ የሚመጣው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ከሚርገበገብ የኳርትዝ ቁራጭ ነው። ይህ ቁጥር የተመረጠው 15 ጊዜ ደጋግመን ለሁለት ስናካፍለው ልክ 1 ስለሚሰጥ ነው፤ ማለትም በሰከንድ አንድ ምት። የእጅ ሰዓታችንም የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው። ለዚህ ሥራ የሚበቃው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ለቅጽበት እንኳ መቋረጥ የለበትም። ማሽኑ ሲጠፋ ቆጠራውን የሚያስቀጥለው ባትሪው ብቻ ነው።

ሴቭ የተደረገ ጌም አብሮ ይጠፋ ይሆን ብሎ የሚሰጋ አይጨነቅ። በድሪምካስት ሴቭ የሚቀመጠው ቪኤምዩ በሚባለው ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ያለ ባትሪም መረጃውን ይይዛል። ከድሪምካስት በፊት በወጣው የሴጋ ማሽን፣ በሳተርን፣ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የሰዓቱ ባትሪ ሲያልቅ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ሴቭ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ቢሆንም ድሪምካስት ላይ ሰዓቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። «ሲማን» የተባለው ጌም ውስጥ ያለው የሰው ፊት ያለው ዓሣ የሚያድገው በእውነተኛው ሰዓት ነው፤ ቀኑን በሚረሳ ማሽን ላይ እሱን ማሳደግ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከእጅ ሰዓት ጠጋኝም ሆነ ከሱቅ በቀላሉ የምናገኘው ክብ ባትሪ ሲአር2032 ይባላል። ድሪምካስት ውስጥ ያለው ግን ኤምኤል2032 ነው። ሁለቱም 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፤ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከጽሑፉ በቀር አይለዩም። ልዩነቱ ኤምኤሉ ቻርጅ የሚደረግ፣ ሲአሩ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት መሆኑ ነው። ድሪምካስት በበራ ቁጥር ወደ ባትሪው ኤሌክትሪክ ይልካል። ቻርጅ ሊደረግ ያልተሠራ ባትሪ ይህን ሲቀበል ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያብጣል፣ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሲአር2032ን እንዲሁ ወስዶ መተካት በፍጹም አይገባም። ኤልአይአር2032 የሚባለው ሦስተኛ ዓይነትም ቻርጅ ይደረጋል፤ ነገር ግን ለመሙላት እስከ 4.2 ቮልት ስለሚፈልግ ለዚህ ማሽን አይስማማም።

ሲአር ማስገባት የግድ ከሆነ ዳዮድ ይጨመራል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ባትሪው ለሰዓቱ ይሰጣል እንጂ ከማሽኑ ምንም አይቀበልም። ይህ መንገድ ጥቅም አለው፤ ሲአሩ ከኤምኤሉ ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ ሳይበራ ለሚቀመጥ ማሽን ይሻላል። መበየድ ለሚጀምር ሰው ግን እኔ የምመክረው ኤምኤል2032 መፈለግን ነው።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከክዳኑ ሥር ያለው የኃይል ሰሌዳ ሽፋን ስለሌለው እጅ እዚያ መድረስ የለበትም። በጎን ያለው ሞደም መቆለፊያው ተጭኖ ወደ ጎን ሲሳብ ይወጣል። ማሽኑ ሲገለበጥ አራት ብሎኖች አሉት፤ ሦስቱ በግልጽ ይታያሉ፣ አራተኛው ሞደሙ ከነበረበት ሥር ተደብቋል። በካቻቪቴ ተፈትተው ክዳኑ ሲነሳ፣ ጆይስቲክ የሚሰካባት ሰሌዳ ከፊት በኩል ትገኛለች። ባትሪው እሷ ላይ ተበይዷል።

ከመንቀል በፊት ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ የብየዳው ነጥብ በካውያ ቀልጦ አሮጌው ይወጣል። አዲሱን ባትሪ በቀጥታ አትበይዱት፤ ሙቀቱ ይጎዳዋል። በምትኩ የባትሪ መያዣ በይዳችሁ ባትሪውን እዚያ ክተቱት። ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ የሚቀይረው ሰው ካውያ አያስፈልገውም። የወጣውን ባትሪ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፤ አንድ ሕፃን ቢውጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ከተዋጠ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው።

ሲገጣጠም ቀኑን አስገብታችሁ ማሽኑን ለጥቂት ሰዓታት አብርታችሁ ተዉት፤ ኤምኤሉ የሚሞላው ቀስ እያለ ነው። ከዚያ ከሶኬት ነቅላችሁ አሳድሩትና እንደገና አብሩት። አሁንም ቀን ከጠየቀ መጀመሪያ መያዣው ባትሪውን አጥብቆ መያዙን እዩ፤ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ጆይስቲኩም አልሠራ ካለ በዚያችው ሰሌዳ ላይ ኤፍ1 ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ፊውዝ በቴስተር ለኩ፤ በሥራው መካከል ሊቃጠል ይችላል፣ እሱም ይቀየራል።