ጉበትም እንደ መልክ ይወረሳል

በአሜሪካ ከኮዴይን ክኒን ጋር ለሐኪሞች ሲታደል በኖረው የመድኃኒት መግለጫ ውስጥ የእኛ ስም ሰፍሮ ይገኝ ነበር። ስማችን የሚነሣው ኮዴይንን ከሌላው ሰው ፈጥነውና አብዝተው ወደ ሞርፊን ስለሚለውጡ ሰዎች በሚናገረው አንቀጽ ላይ ነበር። መግለጫው እንዲህ ያሉት ከቻይናውያንና ከጃፓናውያን መካከል ከ0.5 እስከ 1 በመቶ፣ ከነጮች መካከል ከ1 እስከ 10 በመቶ ናቸው ይል ነበር። ከሰሜን አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያንና ከዓረቦች መካከል ግን ከ16 እስከ 28 በመቶ ይደርሳሉ ብሎ ይገምት ነበር። ለሕመምና ለሳል የሚታዘዝ ክኒን ኢትዮጵያውያንን በስም እንዲጠራ ያደረገው አንድ ጂን ነው።

ጂኑ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ስሙ ለአፍ አይመችም፤ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን የለም። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለው እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የፋርማሲ ትምህርት ቤቶችም እዚያው ናቸው፤ ባልቻ ሆስፒታልም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ማዘዣውን ይዞ በአካባቢው ካሉት መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ማታ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ። ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚቀበለው ጉበት ግን የየቤቱ ነው።

የጉበቱ ሠራተኛ

የምንውጠው መድኃኒት ለሰውነታችን ባዕድ ነገር ነው። ጉበት ይህን ባዕድ ነገር እየለወጡ ከሰውነት እንዲወጣ የሚያመቻቹ ብዙ ኢንዛይሞች አሉት። ከእነዚህ አንዱን የሚያሠራው ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላትና 20 ሺህ ገደማ ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች አሉት። የእኛ ጂን ከእነዚህ አንዱ ሆኖ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ሥራው 497 አሚኖ አሲዶች በምን ቅደም ተከተል ተያይዘው ኢንዛይሙን እንደሚያስገኙ መወሰን ነው። ይህ አንድ ኢንዛይም በሰፊው ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ከአምስቱ አንዱን ያህል ያስተናግዳል።

አስተናጋጅነቱ ሁለት ዓይነት ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘውን ሃሎፔሪዶል፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠውን ሜቶፕሮሎል፣ ለድብርት የሚታዘዘውን አሚትሪፕቲሊን ኃይላቸውን ያበርዳል። ኢንዛይሙ ደካማ የሆነበት ሰው እነዚህ መድኃኒቶች በደሙ ውስጥ ይከማቹበታል፤ ከልክ በላይ የበረታለት ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ሳይሠራለት ያልቅበታል። ኮዴይን፣ ትራማዶልና ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌን በተቃራኒው ናቸው፤ ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ኢንዛይሙ ከለወጣቸው በኋላ ነው። ኮዴይን በራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ አነስተኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ክፍሉ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ሕመሙን የሚያበርደውም ይኸው ሞርፊን ነው። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ክኒኑን ውጦ ሕመሙ እንዳለ ይቀራል። ኢንዛይሙ የተትረፈረፈለት ሰው ግን ከዚያው ክኒን ሐኪሙ ያላሰበውን ያህል ሞርፊን ያገኛል፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ እንቅልፍ ይጥላል፣ ትንፋሽንም ያዳክማል።

ይህ ልዩነት የታወቀው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በለንደኑ የሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ሮበርት ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዴብሪሶኩዊን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ለጥናት ዋጠ። ባልደረቦቹ ደህና ዋሉ፤ የእሱ የደም ግፊት ግን ክፉኛ ወርዶ መቆም እንኳ ተሳነው። ምርመራው መድኃኒቱ በስሚዝ ሰውነት ውስጥ ብዙም ሳይለወጥ መቅረቱን ገለጠ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት ይህ ድክመት በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አሳየ። ጂኑ ራሱ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ቅጂው ላይ የሚደርሰው

ሚውቴሽን የሚባለው በዲኤንኤ ፊደላት ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን በእናቱም በአባቱም ላይ ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑ አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ የሚያመጡት ነገር የለም። ጂን ላይ የሚያርፉት ግን ሥራውን ሊለውጡት ይችላሉ። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ሊለውጥ፣ አንድ አንቀጽ ዘሎ ሊያልፍ፣ ወይም ዓይኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የጻፈውን አንቀጽ ደግሞ ሊጽፍ ይችላል። በሲዋይፒ2ዲ6 ላይ ሦስቱም ደርሰዋል።

ከአውሮፓውያን መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ይህ ኢንዛይም አይሠራላቸውም፤ ዋናው ምክንያትም የአንድ ፊደል መለወጥ ነው። የአንድ ፊደል ለውጥ ግን ሁልጊዜ ጉዳት አያመጣም። የሰው ልጅ በሕፃንነቱ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ጡት ከጣለ በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን ሥራውን ይቀንሳል። በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ የአንድ ፊደል ለውጥ ጂኑን እስከ ሽምግልና እንዲሠራ አድርጎታል። አውሮፓ ውስጥ ይህን ያደረገው በዋናነት አንድ ሚውቴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጡ የተለያዩ ሚውቴሽኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሁለት ጎረቤታሞች ወተት ሳይከብዳቸው ይጠጣሉ፤ የቻሉበት ምክንያት ግን ለየቅል ሊሆን ይችላል።

አንቀጽ የመዝለሉና የመድገሙ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ከሲዋይፒ2ዲ6 አጠገብ እሱን በጣም የሚመስል፣ ሥራ የፈታ ጂን አለ። በአባት ዘር ወይም በእናት እንቁላል አፈጣጠር ወቅት ጥንድ ክሮሞሶሞች ጎን ለጎን ተሰልፈው ክፍሎቻቸውን ይለዋወጣሉ። በዚህ ሥፍራ ግን ተመሳሳይ ጽሑፍ ስለሚበዛ አሰላለፉ ሊዛነፍ ይችላል። ተዛንፎ የተለዋወጠው ጥንድ ሲለያይ አንደኛው ክሮሞሶም ጂኑን ሁለት አድርጎ ይሄዳል፣ ሌላኛው ያለ ጂኑ ይቀራል። የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት ነው፤ ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ለልጅ ልጅ ይተላለፋሉ። መደጋገሙ አንዳንዴ ሩቅ ይሄዳል፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የስዊድን ተመራማሪዎች 12 ተጨማሪ ቅጂዎች በአንድ ክሮሞሶም ላይ የተደረደሩላቸው አንድ አባት፣ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ ማግኘታቸውን አስታወቁ።

ከመቶው ሃያ ዘጠኝ

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር የኢትዮጵያውያንን ጂን መርምራ ውጤቱን አሳተመች። ከተመረመሩት 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6ን ደጋግሞ የያዘ ክሮሞሶም ነበራቸው። ስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ኢንዛይሙ ጨርሶ የማይሠራላቸው ኢትዮጵያውያን ደግሞ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። በአውሮፓ ሐኪሞችን ያሳሰበው የኢንዛይሙ መድከም ነበር፤ በእኛ ዘንድ መበርታቱ አመዘነ።

ውርሱ የሚሄደው በቀላል ሒሳብ ነው። ማንኛውም ሰው 22ኛውን ክሮሞሶም ሁለት አድርጎ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት ነው፣ አንዱ ከአባት። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቅጂ ካለ በድምሩ ሁለት ይሆናል። አባት በአንዱ ክሮሞሶም ላይ ሁለት ቅጂ ካለው በድምሩ ሦስት አለው ማለት ነው። እናት ሁለት ብቻ ካላት፣ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ቅጂ የመያዝ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እናትም እንደ አባት ባለ ሦስት ከሆነች ከአራት ልጆች ለአንዱ አራት ቅጂ፣ ለሁለቱ ሦስት፣ ለአንዱ ሁለት ሊደርስ ይችላል። ይህ ዕድል ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ የሚወጣ ዕጣ ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው ወንድማማቾች በአፍንጫና በቁመት እንደሚለያዩ ሁሉ ለአንድ ክኒን የሚሰጡት መልስ የሚለያየውም በዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ አካባቢ እንዲህ የበዛው ለምንድን ነው? የካሮሊንስካው ማግኑስ ኢንግልማን-ሰንድበርግ ያቀረበው መላምት ወደ ጥንት ይወስደናል። ብዙ ዕፅዋት ራሳቸውን የሚከላከሉበት አልካሎይድ የሚባል መራራ መርዝ አላቸው፤ ሲዋይፒ2ዲ6 ደግሞ አልካሎይድን በመለወጥ የታወቀ ነው። ሌሎች የጉበት ኢንዛይሞች ባዕድ ነገር ሲበዛ ምርታቸው ይጨምራል፤ ይኸኛው ግን በዚህ መንገድ አይጨምርም። ኢንዛይሙን ለማብዛት የቀረው መንገድ ጂኑን ማብዛት ነው። እህል በጠፋበት ዘመን የዱር ቅጠልና ሥር በልቶ ለመትረፍ ሁለት ቅጂ ያለው ሰው የተሻለ ዕድል ሳይኖረው አልቀረም፤ ልጆቹም እንደዚያው። መላምቱ እውነት ከሆነ በረሃብ ዘመን ያተረፈን ቅጂ ዛሬ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ይጠብቀናል ማለት ነው።

ልጓሙም ይስባል

አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ይህ ጂን አባባሉን በከፊል ብቻ ያጸድቅላቸዋል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያ የሚኖሩና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸሩ። ተመሳሳይ ጂን እያላቸው የአገር ቤቶቹ ኢንዛይም ስዊድን ከሚኖሩት ይልቅ ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ አኗኗር፣ በተለይም ምግብ ሳይሆን እንደማይቀር ገመቱ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ልጓም ተለይቷል፤ እሱም ጫት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም የሲዋይፒ2ዲ6ን ሥራ እንደሚያፍን በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ አሳይቷል። እንግዲህ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ቅጂ ወርሰው፣ አንዱ ቃሚ ሌላው የማይቅም ቢሆኑ፣ አንድ መድኃኒት በሁለቱ ላይ እኩል ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ቃሚ የሆነ ታካሚ መቃሙን ከሐኪሙ መደበቅ የሌለበት።

ነገሩ ከሕመም ማስታገሻ ያለፈ ክብደት እንዳለው የሚያሳየው ታሞክሲፌን ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የካንሰር የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ታሞክሲፌን የሚውጡ የጡት ካንሰር ታካሚዎችም ከየክልሉ ወደዚያ ይመጣሉ። መድኃኒቱ ካንሰሩን በብርቱ የሚቋቋመው በሲዋይፒ2ዲ6 ተለውጦ ኢንዶክሲፌን ሲሆን ነው። በኢትዮጵያውያን የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ጂናቸው ደካማ ኢንዛይም የሚሰጣቸው ሴቶች በደማቸው ውስጥ ያለው ኢንዶክሲፌን አነስተኛ መሆኑን አረጋግጧል። ከኮዴይን ጋር አደጋ የሆነው ብርታት እዚህ ጥቅም ነው። አንድን ሚውቴሽን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያሰኘው የገጠመው መድኃኒት እንጂ ሚውቴሽኑ ብቻውን አይደለም።

በመስኮቱ ፊት

የውጭ ተቆጣጣሪዎች ርምጃ ወስደዋል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጥ ወሰነ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንንና ትራማዶልን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከለከለ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠነቀቀ፤ ለምሳሌ ከኮዴይን በእናት ሰውነት ውስጥ የበዛው ሞርፊን በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላልና። ጂኑ በበዛበት አገር ይህን ማስጠንቀቂያ ይበልጥ አጥብቆ መያዝ ተገቢ ነው።

ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያዊነት የጂን ምርመራ ውጤት ነው ማለት አይደለም። 29 በመቶው ተጨማሪ ቅጂ አላቸው ስንል 71 በመቶው የላቸውም ማለታችን ነው። ሐኪም የታካሚውን መታወቂያ አይቶ የመድኃኒት መጠን ሊወስን አይችልም። የጂን ምርመራ ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ በር የሚገኝ አገልግሎት አይደለም።

በእጃችን ያለው ሌላ መረጃ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ስኳርና ደም ግፊት በቤተሰብ እንዳለ ሐኪም ሲጠይቀን እንናገራለን። ትራማዶል የዋጠች እህት ቀኑን ሙሉ መንቃት እንዳቃታት፣ አባት ለሕመም የታዘዘለት ኮዴይን ምንም እንዳልሠራለት ግን የምንናገረው እምብዛም ነው፤ የየግል ገጠመኝ ይመስለናልና። ጂኑ የሚወረስ እስከሆነ ድረስ በአንዱ ላይ የታየው ለወንድም፣ ለእህትና ለልጅ ሁሉ መረጃ ነው። መጠን መጨመርና መቀነስ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ያልተነገረውን ማወቅ ግን አይችልም። ከአሁን በኋላ ለሕመም ወይም ለድብርት መድኃኒት ሲታዘዝልን፣ በቤታችን ማን ምን ወስዶ ምን እንደሆነ ሳንጠየቅ እንናገር።