አጋዘን የትኛው ነው?

በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ «ዲር» ወይም «ሙስ» የሚል የእንስሳ ስም ስታነቡ ትርጉሙን ብትጠይቁ ብዙውን ጊዜ «አጋዘን» ትባላላችሁ። ዳሩ ግን ሙስ በኢትዮጵያ የለም፤ እኛ አጋዘን የምንለውም በሙስ አገር የለም።

ሙስ በካናዳ፣ በስዊድንና በሩሲያ ጫካዎች ይኖራል። ቁመቱ እስከ ትከሻው 2 ሜትር ያህል ይደርሳል። የወንዱ ቀንድ እንደ አካፋ ሰፊ ነው፤ በብርዱ ወራት ይረግፍና እንደገና ይበቅላል።

የእኛ የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ተራሮች ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ላይ ምስሉ ስላለ ወላጆች ያስታውሱታል። የወንዱ ቀንድ ጥምዝ ነው፤ ቅርንጫፍ የለውም፤ እንደ በሬና እንደ ፍየል ቀንድም አይረግፍም። ስለዚህ ለሙስ ሳይሆን ለበሬና ለፍየል ይቀርባል።

የስም ግራ መጋባት የአማርኛ ብቻ አይደለም። «ሙስ» ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው። እንግሊዞች ይህንኑ እንስሳ «ኤልክ» ይሉታል። አሜሪካኖች ግን «ኤልክ» የሚሉት ሌላ እንስሳ ነው።

ሳይንሳዊ ስም ያስፈለገው ለዚህ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ18ኛው መቶ ዓመት ለእያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ቃል ያለው ስም የመስጠትን ደንብ አጸና። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ሙስ «አልሴስ አልሴስ» ይባላል። የደጋ አጋዘን «ትራጌላፈስ በክስቶኒ» ነው። «በክስቶኒ» የተባለው በክስተን በሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ስም ሲሆን፣ ይህን ያወጣለት ሪቻርድ ሊዴከር እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ሰው ግን እንስሳውን ከዚያ በፊትም ያውቀው ነበር።

ልጅ የቤት ስምና የመዝገብ ስም እንዳለው ሁሉ እንስሳም እንደዚሁ ነው። በስደት ያለ ሰው ስሙ በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሲጻፍ ምን ችግር እንደሚያመጣ ያውቃል። የመዝገብ ስም ድንበር ሲያሻግር፣ የቤት ስም ደግሞ ከየት እንደመጣን ያስታውሰናል። ሁለቱንም መያዝ ይገባል።

የቤት ሥራ፦ የአንድ የዱር እንስሳ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ምን እንደሚባል ወላጆቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።