7519፦ ፋሲካን የያዘ ቁጥር

ደቡብ አፍሪካ በ2027 እ.ኤ.አ. ስቅለትን የምታከብረው ማርች 26 ነው። የእኛ ስቅለት ግን ኤፕሪል 30 ዓርብ ይውላል፤ ያ ቀን እዚህ ተራ የሥራ ቀን ነው። እንደ እኔ ነርሲንግ የሚማር ሰው ፈረቃው ከመውጣቱ በፊት ካልተናገረ በዓሉ በሆስፒታል ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ራሳችን እናስላ።

በባሕረ ሐሳብ 2019 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7519 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ቁጥር 73 ሲባዛ በ103 ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን በ4፣ በ7 እና በ19 ሲካፈል የሚተርፈውን ነው።

1. ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል። 3 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች።

2. 7519 እና 1879 ሲደመሩ 9398 ነው። ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ብለን ስንቆጥር 4 ዓርብ ነው፤ መስከረም 1 ዓርብ ይውላል።

3. ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 13፣ ይህ ወንበር ይባላል። 13 በ19 ተባዝቶ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 7 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው።

19 ዓመት የተመረጠው ጨረቃ በዚያ ጊዜ ውስጥ 235 ጊዜ ያህል ስለምትወለድ ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ስለሚያንስ ወንበሩን በ11 ብናባዛና ሠላሳውን ብናወጣ አበቅቴ 23 እናገኛለን። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። የመድኃኒት መጠን ሁለት ጊዜ እንደምናረጋግጠው፣ ስሌታችን ልክ መሆኑን የምናየው በዚህ ነው።

4. መጥቅዕ ከ14 በታች ሲሆን በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በመስከረም ይውላል። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው (እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያለ እስከ ዓርብ 2 ይወርዳል)። 7 እና 8 ሲደመሩ 15። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል፤ በመስከረም ቢውል ግን በጥር ይሆን ነበር።

ከዚያ 14 ቀን ስንጨምር ዐቢይ ጾም የካቲት 29 (ማርች 8)፣ 69 ቀን ስንጨምር ፋሲካ ሚያዝያ 24 (ሜይ 2) ይሆናል። እዚህ ፎርድስበርግ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንን የሚጨርሱት እኛ ጾም በምንጀምርበት ሳምንት እንደሚሆን ይጠበቃል፤ የእነሱን ግን የምትወስነው የጨረቃ መታየት ናት።

4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ነው። በየ532 ዓመቱ ሦስቱም ቀሪዎች ተመልሰው ይመጣሉ፤ ስለዚህ በዚህ ስሌት የ1487 ዓ.ም. ፋሲካም ሚያዝያ 24 ነበር።

አሁን 7520ን ሞክሩ። ሚያዝያ 8 ከደረሳችሁ ገብቷችኋል። የ2019ኙን ስቅለት ደግሞ ለፈረቃ አስተባባሪያችሁ ከወዲሁ አሳውቁ።